ዘፋኙ ለምን ጎረነነ? የአንድ የከዚራ ሳሎን ሸክላ ማጫወቻ ጉዳይ

ስልኩ የተደወለው ከምሳ በኋላ ነው። ድሬዳዋ በዚያ ሰዓት መስኮቷን ዘግታ ቬንትሌተር ስር የምትጋደም ከተማ ናት። ማንም ማንንም አይጠራም።

«አቦ፣ ና እስቲ» አለኝ ጋሼ። «ዘፋኙ ታሟል።»

ጋሼ የሰፈራችን ሰው ነው። ዕድሜው ከ70 አልፏል። በድሬ ወግ «አንተ» ነው የምለው። አንቱ ብለው የተቀየምኩት ይመስለዋል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሠራው በባቡር ጋራዡ ውስጥ፣ ቶርኖ ማሽን ላይ ነው። እኔ ደግሞ ከሥራ መልስ ቴፕ፣ አምፕሊፋየርና ሸክላ ማጫወቻ እጠግናለሁ። ገንዘብ አይበዛበትም። ግን የድሮ ሙዚቃ በትክክል ሲሰማ ደስ ይለኛል።

ቤቱ ከዚራ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ወለሉ የሲሚንቶ ንጣፍ። ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ የእንጨት ቡፌ አለ። ቡፌው ላይ ሁለት ሸክላ ማጫወቻ፣ አንድ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር ተደርድረዋል። አንደኛው ማጫወቻ ጋሼ በወጣትነቱ የገዛው የአውሮፓ ሥራ ነው። ሁለተኛውን ልጁ ከአሜሪካ ልካለት በዚያው ሳምንት ነበር የደረሰው። ያገለገለ ቢሆንም በደንብ የተያዘ ዕቃ ነው። ከታይዋን ገበያ 220 ቮልቱን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝቶ ሰክቶታል።

«እሺ፣ ዘፋኙን ምን አመመው?»

«አብሬው ዘፈንኩ። ያቺን ከፍ የምትለዋን ቦታ ደረስኩባት።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል እንዴ?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ደርሼባት አላውቅም። ዛሬ እንዴት ደረስኩ?»

ጥያቄው መልሱን ይዞ ነው የመጣው። የጋሼ ጉሮሮ አልታደሰም። ዘፈኑ ነው የወረደለት።

ሸክላው የአምሃ ሪከርድስ ትንሿ ባለ 45 ዙር ሸክላ ናት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አምሃ እሸቴ ኩባንያውን በ1969 አቋቁሞ፣ ዛሬ ዓለም የሚያደንቃቸውን ዘፈኖች በብዛት ያሳተመ ሰው ነው። አገር ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ስላልነበረ ቅጂዎቹ የሚታተሙት ውጭ አገር ነበር። ጋሼ ከእነዚህ ውስጥ አርባ የሚሆኑ አሉት። ሁሉንም በራሱ ደሞዝ የገዛቸው ናቸው። አንዷንም ለማንም አያውስም።

መጀመሪያ ያደረግኩት ቀላል ነገር ነው። ትንሽ ነጭ ወረቀት ቀድጄ ዘፈኑ የተጫወተበት የአሜሪካው ማጫወቻ ሳህን ጠርዝ ላይ ለጠፍኩ። ስልኬ ላይ ሰዓት ከፈትኩ። ጋሼ ጮክ ብሎ ቆጠረ። ባለ 45ቷ በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር አለባት። ደቂቃው ሲሞላ ግን ወረቀቱ የዞረው 37 ጊዜ ተኩል ነው።

37 ተኩልን ለ45 አካፍሉት። ከስድስት እጅ አምስት እጅ ይመጣል። 50ን ለ60 ብታካፍሉትም መልሱ ያው ነው። ምስጢሩ እዚህ ላይ ነበር። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል። የእኛ 50 ጊዜ። የዚህ ማጫወቻ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከቮልቱ ሳይሆን ከዚሁ ምልልስ ነው። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን አስተካክሏል፤ ምልልሱን፣ ኸርዝ የሚባለውን፣ ግን አይነካም። ስለዚህ ሦስት ደቂቃ የነበረው ዘፈን 3 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ሆነ። ድምፁም ነጩንም ጥቁሩንም የፒያኖ ቁልፍ እየቆጠራችሁ ሦስት ቁልፍ ያህል ወረደ። ጎልማሳው ዘፋኝ ሽማግሌ ሆነ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ጋሼ ግን የባሰ ጥያቄ አመጣ። ሸክላዋን አንስቶ የድሮው ማጫወቻ ላይ አዞራት። ፍጥነቱ ልክ ነው። ግን ከዘፈኑ ስር «ዱብ ዱብ ዱብ» የሚል ነገር አለ። ባሱም እንደ ጭቃ ተጣብቋል።

«የአሜሪካው ዘፋኙን አስረጀው፤ የጥንቱ ደግሞ በርሜል ውስጥ ከተተው» አለ። «የትኛው ነው እውነቱን የሚናገረው?»

ለዚህ መልስ ለመስጠት እያንዳንዱን ማጫወቻ የሠራው ሰው ምን ፈርቶ እንደሠራው ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ የማምነው ይህንን ነው። የሸክላ ማጫወቻ አሠራር ሁሉ የአንድ ፍርሃት መልስ ነው። ሠሪው ያላሰበው ነገር ቤታችሁ ውስጥ ካለ፣ ማሽኑ ምንም ቢወደድ ድምፁ ይበላሻል።

የሸክላው መስመር ከፀጉር ይቀጥናል። መርፌዋ የምታነበው የዚያን መስመር ግድግዳ ውጣ ውረድ ነው። የሞተር ንዝረትን ከከበሮ ንዝረት አትለይም። ለሷ ሁሉም እንቅስቃሴ ነው፤ ያገኘችውን ሁሉ ወደ ስፒከሩ ትልካለች። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ሆን ተብሎ ይቀነሳል። ሲጫወት ደግሞ አምፕሊፋየሩ መልሶ ያነሳዋል። ከ1954 ጀምሮ መለኪያ የሆነው አርአይኤኤ የሚባለው አሠራር 20 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ከመሃለኛው ድምፅ አንጻር 9 እጥፍ ያህል ያጎላዋል። የሞተር ጉርምርምታ የሚኖረው ደግሞ እዚያው ሰፈር ነው።

የድሮው የጋሼ ማጫወቻ ሠሪዎች የፈሩት ድካምን ነው። መርፌ ሸክላውን ትጎትታለች። ዘፈኑ ሲጠነክር ጉተታዋም ይጠነክራል። ደካማ ሞተር ያኔ ቅንጣት ታህል ይዘገያል። ስለዚህ ብርቱ ሞተር አደረጉና ጉልበቱን ጠርዟ ጎማ በለበሰ ሮለር አማካይነት በቀጥታ ለሳህኑ ሰጡት። በ1950ዎቹ የወጣው የእንግሊዞቹ ጋራርድ 301 በዚህ መንገድ ነው የሚሠራው፤ ቢቢሲም ተጠቅሞበታል። የስዊሶቹ ሌንኮም እንደዚሁ። ቁልፉን ስትነኩት ወዲያው ፍጥነቱን ይይዛል። ለሬዲዮ ጣቢያ ከዚህ የተሻለ ነገር አልነበረም። ዋጋው ግን ሮለሯ ጉልበቱን ስታሻግር ንዝረቱንም አብራ ማሻገሯ ነው።

ሁለተኛዎቹ የፈሩት ያንን ንዝረት ነው። ኤድጋር ቪልቸር የተባለ አሜሪካዊ በ1961 በአኩስቲክ ሪሰርች ኩባንያው ያወጣው ማጫወቻ ትንሽ ሞተር፣ ለስላሳ የጎማ ቺንጊያ እና ሦስት ሞላዎች ነበሩት። ሳህኑና መርፌዋን የያዘው ክንድ አንድ ላይ በሞላዎቹ ላይ ይንሳፈፋሉ። ሞተሩ ሌላ ቦታ ታስሮ ይቀራል። ወለሉ ቢንቀጠቀጥ፣ በር ቢጋጭ መርፌዋ አትሰማም። በ1970ዎቹ የመጣው የስኮትላንዱ ሊን ኤልፒ12 ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ሬጋ ደግሞ ቺንጊያውን ተቀብሎ ሞላውን ጣለው። ቀላልና ግትር መሆን ይሻላል ባይ ነው። በአንድ ቺንጊያ የሚያምኑት እንኳ በሞላው አይስማሙም።

ሦስተኛዎቹ ጎማን ጨርሰው አላመኑም። የጃፓኑ ማትሱሺታ በ1970 ቴክኒክስ ኤስፒ10ን ሲያወጣ ሞተሩና ሳህኑ አንድ ሆኑ። ቺንጊያ የለም፣ ሮለር የለም። ሞተሩ ራሱ በሸክላው ፍጥነት ይዞራል። በ1979 የወጣው የዲጄዎቹ ኤስኤል 1200 ማርክ 2 ደግሞ በውስጡ የራሱ የኳርትዝ ሰዓት አለው። ፍጥነቱን ከመብራት ኃይል አይጠይቅም።

ወደ ሳሎኑ ልመለስ።

በ«ዱብ ዱብ»ዋ ጀመርን። ሳህኑን አነሳሁ። ሮለሯን በጣቴ ዳበስኳት። ጎማዋ ላይ አንድ ቦታ ጥፍር የሚይዝ ስርጉድ አለ። ሳህኑ አንድ ጊዜ ሲዞር ሮለሯ ሰባት ጊዜ ያህል ትዞራለች። በ45 ፍጥነት ስርጉዷ በሰከንድ አምስት ጊዜ ያህል ታንኳኳለች ማለት ነው። የምንሰማው እሱን ነበር።

ከየት መጣ? መብራት ሲጠፋ። ዘፈን መሃል መብራት ይሄዳል። ጋሼ ክንዱን ያነሳና ቁልፉን 45 ላይ እንደተወው ይተኛል። ሮለሯ በሞተሩ ዘንግና በሳህኑ መሃል ተጨፍልቃ ታድራለች። በድሬ ሙቀት ላይ ደግሞ ጎማው ይለሰልስና ቅርጹን ይቀይራል፣ ከዚያ እንደዚያው ይደርቃል። እነዚያ አውሮፓውያን ድካምን ፈርተዋል። ከሰዓት በኋላ መብራት የሚጠፋበትን ሞቃት ከተማ ግን አላሰቡም።

ጋሼ ሮለሯን ወስዶ ጓደኛው ወርክሾፕ ቶርኖ ላይ አሰራት። እያዞረ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ላጋት፤ ፍጹም ክብ እስክትሆን። ትንሽ ቀጠነች። ይህ ብዙ ሰው ያሳስበዋል፤ ግን የሮለሯ ስፋት ፍጥነቱን አይለውጠውም። እሷ አሻጋሪ ብቻ ናት። ፍጥነቱን የሚወስኑት የሞተሩ ዘንግና የሳህኑ ጠርዝ ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መብራት ሲጠፋ ጋሼ መጀመሪያ ቁልፉን ይዘጋል፣ ከዚያ ሻማ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ጭቃው ባስ። መርፌዋን የቆመ ሸክላ ላይ አስቀመጥኩ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ቡፌውን በጣቴ አንጓ አንኳኳሁ። ስፒከሩ «ጓ!» አለ። ያንኑ በአሜሪካው ላይ አደረግኩ፤ እሱ ባለ ቺንጊያና ባለ ሞላ ነው። ዝም። ይህንን ሙከራ ማንም ቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ስፒከሮቹ ቡፌው ላይ ስለተቀመጡ ባሱ እንጨቱን ያንቀጠቅጣል፣ እንጨቱ ማጫወቻውን፣ ማጫወቻው መርፌዋን፣ እሷም መልሳ ስፒከሩን። ዘፈኑ ራሱን እየሰማ ይዘፍናል። ሞላ የተፈለሰፈው ለዚህ ነው። ጠንካራውን ማጫወቻ ግን ቤቱ ራሱ ሊረዳው ይገባል። ስፒከሮቹን አውርደን በሁለት በርጩማ ላይ፣ ሲሚንቶው ወለል ላይ አቆምናቸው። አምስት ብር አላወጣንም። ባሱ ከጭቃው ወጣ። ሰው «ቺንጊያ እንዲህ ይሰማል፣ ሮለር እንዲያ ይሰማል» ብሎ ሲከራከር አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ስፒከሩ የት እንደተቀመጠ ነው።

አሁን የአሜሪካው ቀረ። ልጁ በስልክ «ሌላ እልካለሁ» አለች። ጋሼ አልፈለገም። «ፑሊዋን አሳየኝ» አለኝ። ፑሊ የሞተሩ ዘንግ ላይ ያለችው፣ ቺንጊያው የሚጠመጠምባት ትንሽ ክብ ናት።

ሳህኑን አነሳን፣ ቺንጊያውን አወጣን፣ በካቻቢቴ ትንሿን ብሎን ፈታን። ፑሊዋ ሁለት እርከን አላት። ቀጭኑ ለ33፣ ወፍራሙ ለ45። ጋሼ መነጽሩን አድርጎ በካሊፐር ለካት። ወፍራሙ እርከን 20 ሚሊ ሜትር። ሞተሩ በእኛ አገር በስድስት እጅ አምስት ፍጥነት ከዞረ፣ ፑሊዋ በዚያው ልክ መወፈር አለባት። 20 ሲባዛ በ1.2፣ 24። ቁርጥራጭ ናስ አገኘና በማግስቱ ቶርኖ ላይ ቀረጻት። ስታበራ ወርቅ ትመስላለች።

ገጠምናት፣ ቆጠርን። በአምስት ደቂቃ 225 ዙር መምጣት ነበረበት። ወደ ሁለት ዙር ጎደለ። መቶ ጊዜ ብንቆጥር ያው።

ጋሼ ዝም ብሎ ቺንጊያውን በሁለት ጣቱ ያሻሸው ጀመር። ከዚያ ሳቀ። «እሱን ረሳነው!» ቺንጊያውም ውፍረት አለው። ፑሊው ላይ ሲጠመጠም ጉልበቱ የሚሄደው በጎማው መሃል እንጂ በናሱ ላይ አይደለም። ስለዚህ ከማባዛታችን በፊት የቺንጊያውን አንድ ሚሊ ሜትር መደመር ነበረብን። 21 ሲባዛ በ1.2፣ 25.2። ከዚያ አንዷን ሚሊ መልሰን ስንቀንስ 24.2። ልዩነቱ ሁለት አስረኛ ሚሊ ሜትር ነው። የ33ቱንም እርከን በዚሁ ሂሳብ ሠራው። ሁለተኛዋን ፑሊ ሲቀርጽ አጠገቡ ነበርኩ። ቢላዋውን በትንፋሽ ያህል ያስጠጋል፣ ያቆማል፣ ይለካል፣ እንደገና ያስጠጋል። የናሱ ብናኝ እንደ ወርቅ አቧራ ክንዱ ላይ ያርፋል። እጁ ስልኩን ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ቶርኖውን ሲይዝ አይንቀጠቀጥም።

በአምስት ደቂቃ 225።

እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ሙከራ ፈለግኩ። ሠርግ ላይ የሚሠራ አንድ ዲጄ ወዳጄ ባለ ኳርትዙን ማጫወቻ ለአንድ ቀን አዋሰኝ። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀመጥን። አንድ ካርትሪጅ፣ ማለትም መርፌዋ ያለችበትን የክንዱን ጫፍ ዕቃ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየገጠምኩ፣ ድምፁን አንድ ልክ ላይ ይዤ፣ ያቺኑ ሸክላ አዞርን። ለምን አንድ ካርትሪጅ? መርፌ ከቀየራችሁ የምታወዳድሩት መርፌ ነው እንጂ ማጫወቻ አይደለም።

እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። ጎረቤት ጀነሬተሩን አስነሳልንና ገመድ ዘረጋልን። በሜትር ስለካው 52 ኸርዝ ነው። ሸክም የሌለበት ትንሽ ጀነሬተር እንዲህ ነው፤ ይፈጥናል። ባለ ቺንጊያው ወደ 46.8 ዙር ወጣ። ዘፋኙ ጎረምሳ ሆነ። የድሮውም ተከትሎ ፈጠነ። ባለ ኳርትዙ ግን ንቅንቅ አላለም። 45 ብሎ 45 ነው። በመብራት ጉዳይ የምትቸገሩ ከሆነ፣ ለእንዲህ ያለ ቤት እኔ ይህንን ነው የምመክረው። ሠሪዎቹ የፈሩትና እኛ የምንፈራው ነገር ይገጥማል።

ማታ መብራት ሲመለስ በእርጋታ ሰማን። ፍጥነቱ አንድ፣ ስፒከሩ አንድ፣ መርፌው አንድ። ያኔም ልዩነት ቀረ። ብዙ ግን አይደለም። የድሮው ባለ ሮለር ከበሮውን እንደ በር ኳኳታ ቁልጭ አድርጎ ያመጣዋል። ዘፈኑ ወደፊት የሚገፋ ይመስላል። ጸጥ ባለ ቦታ ላይ ግን ከስር ትንሽ ጉርምርምታ ይሰማል። ባለ ሞላው የተገላቢጦሽ ነው። በዘፈንና በዘፈን መሃል ያለው ዝምታ ጥልቅ ነው። የሳክስፎኑ ትንፋሽ፣ የዘፋኙ ከንፈር ሲላቀቅ የምትሰማው ትንሽ ድምፅ ይወጣል። ከበሮው ግን ትንሽ ጨዋ ሆኗል። ባለ ኳርትዙ ፒያኖና አኮርዲዮን ላይ አሸነፈ። ረጅም የተያዘ ድምፅ ምንም አይወላውልም። ጋሼ ስለሱ ያለው አንድ ቃል ነው። «ቀጥ ያለ።»

እኔ ብሆን ባለ ኳርትዙን እመርጥ ነበር። ጋሼ በማግስቱ መለሰልኝ። ሁለቱ ይበቁኛል አለ። ለጭፈራ ዘፈን የድሮው፣ ለትዝታ ባለ ሞላው። ቡፌው ላይ በተለያየ ጫፍ አስቀመጣቸው። የመጀመሪያዋን ፑሊ፣ ሁለት አስረኛ ሚሊ የጎደለችውን፣ አልጣላትም። የቁልፍ መያዣው ላይ አንጠልጥሏታል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጠይቀው ሄድኩ። ያቺ ሸክላ በባለ ሞላው ላይ ትዞር ነበር። ጋሼ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ አብሮ ይዘፍናል። ያቺ ከፍ የምትለዋ ቦታ ስትደርስ አፉን ዘጋ። እጁን ብቻ ወደ ላይ አነሳ። ዘፋኙ ብቻውን ወጣ።

«ሰማህ?» አለኝ። «ድኗል።»